ከቀሚሱ ስር

ከተዘጋው ፋብሪካ ጀርባ፣ ኩታይሲ ውስጥ፣ አንዲት አዳራሽ አለች፤
መስታወቷን በአንሶላ ሸፍኜባታለሁ፤ ዕውር ናት፣ ግን ትሰማለች።
ወለሏ የጥድ ሳንቃ ነው፤ ሲረግጡት ይናገራል፤
ማን እንደቸኮለ፣ ማን እንደፈራ፣ አንድ በአንድ ይቆጥራል።

እኔ ዱዱኻና ነኝ፤ ስድሳ ሁለት ዓመቴ፤
ሃያ ዓመት መድረክ ላይ ተንሳፎ ኖሯል አካላቴ፤
ቀሪውን እዚሁ ሳንቃ ላይ፣ ከቫሊኮ አኮርዲዮን ጋር፣
ሴት ልጅ እግር እንደሌላት ሆና መሄድን ለማስተማር።

የኛ አገር ውዝዋዜ እንዲህ ነው፤ ቀሚሱ መሬት ይነካል፤
ተመልካች ጀልባ ያያል፤ ከስሩ ቀዛፊ ይለፋል።
ትከሻ ዝም፣ አንገት ዝም፤ እጅ ብቻ ቀስ ብሎ ያወራል፤
ታች ግን፣ ጨለማው ውስጥ፣ እግር እንደ ሌባ ይሠራል።

«አንድ፣ ሁለት» ብዬ አልቆጥርም፤ ቁጥር ይሁን ለነጋዴ፤
«ሙሉ ሳህን ሾርባ ይዘሽ፣ በተኛ ሕፃን አጠገብ እለፊ፤ በይ እስቲ፣ ሂጂ አንዴ።»
አንዷ ስታጠፋ አልጮህም፤ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ፣
«ሾርባው ፈሰሰ» እላታለሁ፣ «ሕፃኑም ነቃ፣ ሆድዬ።»

እኔን ያስተማረችኝ ኤፔሚያ ነበረች፣ ነፍሷን ይማር፤
ከመዞሯ በፊት፣ ለአንዲት ትንፋሽ፣ ቀጥ ትል ነበር።
ያቺን ቅጽበት ወረስኳት፤ ጋዜጦች «የዱዱኻና ዝምታ» አሏት፤
በሽልማት ተመለሰች፤ እንደ ልጄ ኮራሁባት።
ኤፔሚያን በቀበርን ማግስት ግን፣ እህቷ ነገረችኝ፦
አስም ነበር። አየር ፍለጋ።
ሳቅኩ። ከዚያ ሳቁ አስለቀሰኝ።

ባለፈው ሐሙስ ቫሊኮ ሳል ይዞት ከቤት ቀረ፤
ያለ ሙዚቃ ምን ይሠራል? እጄ ሥራ መፍታት አቃተው፣ ተቸገረ።
ከታች ካለው ዳቦ ቤት ግማሽ ከረጢት የበቆሎ ዱቄት ተበደርኩ፤
ወለሉ ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ በወንፊት በስሱ በተንኩ።
«ቀሚሳችሁን ሰብስቡ» አልኳቸው፣ «ዛሬ የማየው ዱካ ነው።»
(ሲሽኮረመሙ አይቼ ሳቄን ዋጥኩ፤ እግር ማሳየት ለኛ ነውር ነው።)

አሥራ አንድ ልጆች ተሻገሩ፤ አሥራ አንድ መስመር ቀረልኝ፤
ዓይኔን አጥብቤ ተንበረከክሁ፤ ጉልበቴ ቀጭ አለብኝ።
የግራ እግራቸው ነጥብ በነጥብ፣ እንደ ስፌት ቀጥ ያለ፤
የቀኙ ግን በየሰባተኛው እርምጃ ትንሽ ጭረት እየጣለ።
የረጅሟም። የአጭሯም። የትናንት ገቢዋም።
«ማነው ይህን ያስተማራችሁ?» አልኩ። ቃል አልተነፈሱም።

ፒክሪያ ናት የተናገረችው፣ አሥራ ሁለት ዓመቷ፣ ደፋር፤
«እርስዎ ነዎት፣ መምህርት። እኛ... እርምጃው መስሎን ነበር።»

ዞር አልኩ፤ ከበሩ እስከ ቆምኩበት፣ የራሴን ዱካ በዓይኔ ተከትዬ፤
ቀኝ እግሬ ይጎተታል። እውነት ነው። እኔ ደግሞ፣ ድኛለሁ ብዬ!
ባቱሚ መድረክ ላይ የተሰበረ ቁርጭምጭሚት ነው፤ ለማንም አልተናገርኩም፤
ውስጡን ለቄስ ብዬ ሸፍኜ ስኖር፣ ልጅ ያነበዋል አላልኩም።

ማረም ነበር የሚገባኝ። «ቀጥ አድርጉት» ማለት ነበረብኝ።
አፌን ከፈትኩ። ኤፔሚያ፣ ትንፋሽ አጥሯት፣ ጉሮሮዬ ውስጥ ቆመችብኝ።

መጥረጊያ አነሳሁ። ልጆቹ ቀሚሳቸውን ለቀቁ፤ ጀልባዎቹ ተንሳፈፉ፤
ሰባተኛው ላይ አሥራ አንዱም፣ ማንም በማያየው ጨለማ፣ አነከሱና አለፉ።

ሰኞ አስተካክላቸዋለሁ ብዬ ነበር። ዛሬ ሰኞ ነው።
ቫሊኮ እያሳለ አኮርዲዮኑን ዘረጋ፤ ጣቱ እንደ ዱሮው ነው፤
ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ግን፣ ዜማው ለአንዲት ፀጉር ያህል ዘገየ፤ ሰማሁት፣ ዛሬ ገና ነው፤
ለካ ይህን ሁሉ ዓመት፣ ይህ ሽማግሌ፣
እግሬን ሲጠብቅ ነው የኖረው።